ብርቱና ጀማሪ በአንድ ገበታ

በካፋ ዞን፣ ቦንጋ ላይ አንድ ትምህርት ቤት የቼስ ውድድር አዘጋጀ እንበል። ከጊምቦ፣ ከጨና፣ ከዴቻና ከአዲዮ ወረዳዎች የመጡ ተማሪዎችና ጥቂት መምህራን ተመዝግበው አሥራ ስድስት ሆነዋል። የመጀመሪያው ዙር ድልድል ሲለጠፍ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስሟን ፈልጋ ታገኛለች። ከጎኑ የተጻፈው የሒሳብ መምህሯ ስም ነው። ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱው እሳቸው ናቸው። ጓደኞቿ «እግዜር ያውጣሽ!» ይሏታል፤ እሷም ዕጣዋ እንደከፋባት ታስባለች።

የዕጣ ጉዳይ ግን አይደለም። አብዛኛው የቼስ ውድድር የሚመራው የስዊስ ሥርዓት በሚባለው ድልድል ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ከተማ ላይ ተጀምሮ ዓለምን አዳረሰ። ተጫዋቾቹ እንደ ጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 16 ይደረደሩና ዝርዝሩ ከመሐል ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ 1ኛው ከ9ኛው፣ 2ኛው ከ10ኛው እያለ 8ኛው ከ16ኛው ጋር ይገናኛል። ልጅቷ ዘጠነኛ ስለሆነች ከአንደኛው ጋር ደረሰች። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ እኩል ነጥብ ያላቸው እርስ በርስ ስለሚገጥሙ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ትልቁ የአቅም ልዩነት የሚታየው እንግዲህ በመጀመሪያው ዙር ነው፤ የታቀደም ነው።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ በጎነት ተሸንፎ የሚወጣ ሰው አለመኖሩ ነው። የተሸነፈ በሚወጣበት ጥሎ ማለፍ ቢሆን ኖሮ ከዋቻ ወይም ከጭሪ በዝናብ መንገድ የመጣ ልጅ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ተሸንፎ፣ ያንኑ መንገድ ይመለስበት ነበር። በስዊስ ሥርዓት ግን ሁሉም እስከ መጨረሻው ዙር ይጫወታል።

የጥንካሬ ቅደም ተከተሉ ከየት ይመጣል? ሬቲንግ ከሚባለው ቁጥር ነው። ቀመሩን ያወጣው በትውልዱ ሀንጋሪያዊ የሆነው አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኢሎ ነው። የአሜሪካ ቼስ ፌዴሬሽን በ1960፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀበሉት። የኢሎ ሐሳብ ቀላል ነው። የአንድ ሰው ቁጥር ለብቻው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው በሁለት ተጫዋቾች ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ 100 ከሆነ ሁለቱ ብዙ ጨዋታ ቢጫወቱ ብርቱው ከመቶ ነጥብ 64 ያህሉን ይሰበስባል። 200 ሲሆን 76፣ 400 ሲሆን 91 ያህሉን ይወስዳል። ነጥብ ሲባል ድል ብቻ አይደለም፤ አቻ ግማሽ ነጥብ ስለሆነ እሱም ተደምሮበታል።

መምህሩ 1900፣ ተማሪዋ 1500 ቢኖራቸው ምን ይሆናል? ዕድሜዋ ከ18 በታች ስለሆነ የእሷ ቁጥር ቶሎ ቶሎ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ይፈቅዳል። ብትሸነፍ የምታጣው 3 ወይም 4 ነጥብ ነው። አቻ ብትወጣ 16 ያህል፣ ብታሸንፍ 36 ያህል ታገኛለች። መምህሩ በተቃራኒው ቢያሸንፉ የሚያገኙት ከ2 ነጥብ አይበልጥም፤ ቢሸነፉ ግን 18 ያህል ያጣሉ። እስቲ ይህን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ከሁለቱ የበለጠ ሊጨነቅ የሚገባው ማን ነው? የተማሪዋ ሽንፈት ቀድሞ የታሰበ ስለሆነ ዋጋው ተከፍሏል ማለት ይቻላል፤ ያልተከፈለው የመምህሩ ሽንፈት ነው። ይህን ስሌት ለልጆች ቀድሞ ማስረዳት የአሠልጣኝነት ግማሹ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። የፈራ ልጅ ገበታውን ትቶ የተቀናቃኙን ፊት ሲያይ ይውላልና።

እንዲህ ያለ የአቅም ልዩነት በዓለም መድረክም ይታያል። በ2017 እ.ኤ.አ. ትብሊሲ ላይ 128 ተጫዋቾች በተሳተፉበት የቼስ የዓለም ዋንጫ ናይጄሪያዊው ኦሉዋፌሚ ባሎጉን በመጀመሪያው ዙር የገጠመው የዓለም ሻምፒዮኑን ማግነስ ካርልሰንን ነበር። የሁለቱ ልዩነት ከ500 ነጥብ በላይ ነበር፤ ካርልሰን 2 ለ 0 አሸነፈ። ያው ካርልሰን ግን በሦስተኛው ዙር በቻይናዊው ቡ ሺያንግዢ ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ቁጥሩ በብዙ ጨዋታ ድምር ላይ እውነቱን ይናገራል፤ በአንድ ጨዋታ ላይ ግን ፈራጅ አይደለም።

ቁጥሩ የማያየው ነገርም አለ፤ እኛን በተለይ የሚነካን እሱ ነው። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አንድ ተጫዋች የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ሬቲንግ ለማግኘት ሬቲንግ ካላቸው ተጫዋቾች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ መጫወት አለበት። ሬቲንግ ያለው ሰው በሌለበት ከተማ እነዚህ አምስት ጨዋታዎች ከየት ይመጣሉ? ከዚህም የባሰው ሁለተኛው ችግር ነው። ቁጥራቸው በእኩል ፍጥነት የሚንቀሳቀስ አሥር ሰዎች ለዓመታት እርስ በርሳቸው ብቻ ቢጫወቱ ነጥቡ በመካከላቸው ይዘዋወራል እንጂ አይጨምርም። ከአንዱ የወጣው ለሌላው ይገባል፤ ድምሩ ባለበት ይቆያል። አሥሩም በመጽሐፍና በስልክ እየተማሩ በእጥፍ ቢሻሻሉ እንኳ ቁጥራቸው ይህን አያሳይም፤ ለማሳየት ከውጭ የሚመጣ ተጫዋች ያስፈልጋል። ስለዚህ ከካፋ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለውድድር የሚሄድ ልጅ ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ ወይም ምንም ሳይዝ ይቀመጣል። ከፊቱ ያለው ተጫዋች ዝርዝሩን አይቶ ይዘናጋል። ልጁም ያንኑ ዝርዝር አይቶ ራሱን ያሳንሳል። ሁለቱም የተሳሳቱት አንድ ወረቀት አይተው ነው። ልጁ ግን በራሱ ላይ ስለሆነ የተሳሳተው፣ የእሱ ስሕተት ይከፋል።

እንከኑ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ቁጥሩን የምደግፈው፣ እውነተኛ መለኪያ በሌለበት የሚሆነውን ታሪካችን ስለሚያሳይ ነው። ቼስ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሰንጠረዥ በመባል በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ግቢ ለዘመናት ተጫውተውታል፤ አፄ ልብነ ድንግልም በግቢያቸው ከነበረ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ ሲመጣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩና ግዙፍ ነበሩ። ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት ነበር፤ ዙሪያውን የቆመ ሁሉ፣ አገልጋዮቹም ሳይቀሩ፣ ሐሳብ ይሰጣሉ፣ ጠጠር አንሥተው «እንዲህ ቢሆንስ?» እያሉ ያሳያሉ። ሶልት አንድ ነገር ጨምሮ መዝግቧል፦ በዘዴ እየተደረገ ሁሉንም ጨዋታ የሚያሸንፉት ራስ ናቸው።

ራስ ወልደ ሥላሴ ብርቱ ተጫዋች ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ከዚህ ታሪክ ልናውቅ አንችልም፤ እሳቸውም ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ያጡት ነገር ይኸው ነው። በማዕረግ ያሸነፈ ሰው ስለ ጨዋታው ምንም አልተማረም፤ ተሸናፊውም የሚችለውን አላሳየም። የካፋ ቡና ለደረጃ ሲቀርብ ናሙናው በኮድ የሚቀመሰው ለዚህ ነው፤ ቀማሹ የባለቤቱን ስም ካወቀ ምላሱ ነጻ አይሆንም። የዛሬው የውድድር ሕግም ይህንኑ ነጻነት ይፈልጋል። ተመልካች ሐሳብ መስጠት አይችልም። የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ዳኛውና ሰዓቱ ለመምህርም ለተማሪም አንድ ናቸው።

ሰንጠረዥ ግን በዚህ ብቻ ሊታወስ አይገባውም፤ በአቅም ልዩነት ላይ የነበረው ሌላ ትምህርት እጅግ ደስ ይለኛል። ጨዋታው በወረራ ይጀመራል። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንደፈለጉ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ደግሞ ማሸነፍ ብቻውን አያስመሰግንም። በሩቅ በሚመታው ደር (በሩክ) ወይም በፈረስ ንጉሡን መግደል እንደ ተራ ነገር ይታያል። የሚጨበጨብለት አጭር እርምጃ ባላቸው በፈርዝ (በንግሥት ቦታ በሚቆመው ጠጠር) እና በመደቅ (በወታደር) የገደለ ነው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ደግሞ አይገደልም፤ ስለዚህ አሸናፊው የተቀናቃኙን ሠራዊት እየለቀመ መጨረስ አይችልም። ይህ ሁሉ ለብርቱው ተጫዋች የቤት ሥራ ይሰጠዋል። ድሉ ከተረጋገጠ በኋላም ማሰብ አለበት። ደካማውም እስከ መጨረሻው ትርጉም ያለው ጨዋታ ይጫወታል። ልዩነትን ያለ ማታለል ማክበር ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ልዩነቱ ገበታው ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላውቅም፤ ውድድር ባይሆንም ልዩነቱን አጉልቶ ያሳያል። በ1858 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ የ21 ዓመቱ የኒው ኦርሊንስ ልጅ ፖል ሞርፊ ነጩን ይዞ ተቀመጠ። ጥቁሩን የያዙት የብሩንስዊክ መስፍንና አንድ ፈረንሳዊ ካውንት ናቸው፤ ሁለቱ እየተመካከሩ ይጫወታሉ። እዚህ ለመስፍኑ ሲል የሚሸነፍ አልነበረም። ጨዋታው በ17 እርምጃ አለቀ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 16ኛው እርምጃ ነው፤ ሞርፊ ንግሥቱን የሰጠበት። ጨዋታው የተወሰነው ግን ከዚያ በፊት ነው። በሦስተኛው እርምጃ ጥቁሮቹ ቢሾፓቸውን አውጥተው የነጩን ፈረስ ሊያስሩ ሞከሩ። ወዲያው ወታደር ላለማጣት ሲሉ ያንኑ ቢሾፕ በፈረሱ ለወጡት፤ የነጭ ንግሥት ፈረሱን የበላውን በልታ ወጣች። ልውውጡ በቁጥር እኩል ነው፤ በጊዜ ግን አይደለም። ጥቁር ያወጣውን ብቸኛ ጠጠር አጣ፤ ነጭ አዲስ ጠጠር አወጣ።

በሰባተኛው እርምጃ የሞርፊ ንግሥት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አጠቃች፤ በጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ያለውን ወታደርና በሌላው ወገን ያለውን ሌላ ወታደር። ጥቁሮቹ ንግሥታቸውን ከንጉሡ ፊት አቆሙ። ንጉሡ ተጠበቀ፤ ነገር ግን ንግሥቲቱ የራሷን ቢሾፕ በር ዘጋች። ያ ቢሾፕ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ አልተነቃነቀም፤ ከጎኑ ያለው ሩክም እንዲሁ።

የሞርፊ ብርታት የሚገለጠው እዚህ ነው። ነጻ የቆመ ወታደር አለ፤ መብላት ይችላል። ቢበላው ግን ጥቁሮቹ ቼክ ብለው ንግሥት በንግሥት ይለውጣሉ። አንድ ወታደር ይተርፈዋል፤ ጨዋታው ግን ይረዝማል። ሞርፊ ወታደሩን ተወና ፈረሱን አወጣ። ጀማሪ ቢሆን ይበላ ነበር። ለመብላት መቻልና መብላት የሚገባ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በብርቱና በጀማሪ መካከል ካለው 400 ነጥብ ብዙው በዚህ ልዩነት ውስጥ የተቀመጠ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ጥቁሮቹ በወታደር የሞርፊን ቢሾፕ ሊያባርሩ ሲሞክሩ ፈረሱን በሁለት ወታደር ለወጠና የንጉሡን መንገድ ከፈተ። ሁለቱን ሩኮቹን ተራ በተራ አስገባ። ንግሥቱን ሰጠ፤ ጥቁር በፈረስ ሲበላት ሩኩ በቢሾፑ ተደግፎ ቼክሜት አለ። በዚያች ሰዓት ጥቁሮቹ ንግሥት፣ ሩክ፣ ቢሾፕና ፈረስ ነበራቸው፤ ሞርፊ አንድ ሩክና አንድ ቢሾፕ። ብዙ ጠጠር ያለው ተሸነፈ፤ ጠጠሮቹ ቤታቸው ተቀምጠው ነበርና። የተሸነፈ ተማሪ ብዙ ጊዜ ስሕተቱን የሚፈልገው በመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው። በሦስተኛውና በሰባተኛው ላይ ይፈልግ።

ወደ ቦንጋዋ ልጅ ስንመለስ ምን እንመክራታለን? የመጀመሪያው ምክር ብዙዎችን ያስገርማል፦ ጠጠር በጠጠር እየለወጡ አቻ ለመውጣት አትሞክሪ። ጀማሪ ሁሉ ገበታው ሲራቆት ልዩነቱም የሚጠፋ ይመስለዋል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ጥቂት ጠጠር ሲቀር ብርቱው የሚሳሳትበት ቦታ ያንሳል፤ ንጉሥና ወታደር ብቻ የቀሩበት ጨዋታ ደግሞ ልምድ ከሁሉ በላይ የሚታይበት ነው። ብርቱን የሚያስጨንቀው ጠጠር የሞላበት፣ ሁለቱም ወገን ብዙ ማስላት ያለበት ገበታ ነው። መለወጥ ካለብሽ ገበታው ሲጠይቅ ለውጪ፤ ፍርሃት ሲጠይቅ አትለውጪ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። በረጅም ውድድር በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ተጫዋች 90 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በየእርምጃውም 30 ሰከንድ ይጨመርለታል። መምህሩ መክፈቻውን ስለሚያውቁት በአሥር ሰከንድ ይጫወታሉ። ተማሪዋ በእሳቸው ፍጥነት መሮጥ የለባትም፤ የእሷ ሰዓት የእሷ ነው። በየእርምጃው ራሷን አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፦ ይህ ጠጠር ከተነሣበት ቦታ ምን ትቶ ሄደ፣ በመጣበትስ ቦታ ምን ያጠቃል? በዚህ ያህል ልዩነት የሚደረጉ ጨዋታዎች ብዙዎቹ የሚያልቁት በረቀቀ ስልት ሳይሆን ጠባቂ የሌለውን ጠጠር ባለማየት ነው። እርምጃዎቿን ሁሉ ትጻፍ፤ ቶሎም እጅ አትስጥ። ብርቱው እንዴት እንደሚጨርስ ማየት በራሱ ትምህርት ነው፤ በነጻ የሚሰጥም ነው።

ለመምህሩም የምንለው አለ፤ ከባዱ ድርሻ የእሳቸው ነው። ተቀናቃኙ «አያየውም» ብሎ ወጥመድ መዘርጋት የብርቱ ሰው ልማድ አይደለም። ልጅቷ ወጥመዱን ብታየው የሚበላሸው የእሳቸው ቦታ ነው። ከዓለም ሻምፒዮን ጋር እንደሚጫወቱ ሆነው ጥሩውን እርምጃ ይፈልጉ። ለልጅ ብለው ደግሞ አይሸነፉ፤ አቻም አይስጡ። በውድድር ውጤትን ሆን ብሎ ማበላሸት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ባይከለከልም ልጅቷን እንደ ራስ ወልደ ሥላሴ ማድረግ ይሆናል፤ የሆነችውን እንዳታውቅ። መራራት ከፈለጉ ቦታው ከውድድር ውጭ ነው። አንድ ሩክ ከገበታው አንሥቶ መጫወት፣ ወይም ለእሷ 15 ደቂቃ ለራሳቸው 3 ደቂቃ ማድረግ ሁለቱም የሚያውቁት፣ ማንንም የማያታልል ማካካሻ ነው። ልጅቷ በ15 ለ3 ስታሸንፍ ወደ 15 ለ5 ከፍ ማድረግ ነው፤ እድገቷ በየወሩ ይታያል።

ጨዋታው እንዳለቀ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ገበታውን እንደገና ደርድረው ከመጀመሪያው ይድገሙት። «እዚህ ላይ ምን አስበሽ ነበር?» «መምህር፣ ይህን ለምን አልበሉትም?» ተማሪዋ የጻፈችው ወረቀት የሚጠቅመው አሁን ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከብርቱ ሰው ጋር የተደረገ አንድ ሽንፈት በዚህ መንገድ ሲመረመር ከእኩያ ጋር ከተደረጉ ብዙ ድሎች ይልቅ ያስተምራል፤ ከእኩያ ጋር ሁለቱም ያላዩት ስሕተት ሳይቀጣ ያልፋልና።

ስለዚህ በቦንጋና በየወረዳው ላላችሁ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራን፣ ለመምህራን ትምህርት ኮሌጁና ለቦንጋ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዞኑ ስፖርት ኃላፊዎችም የማቀርበው ጥያቄ አለ። ውድድር ስታዘጋጁ ጥሎ ማለፍን ትታችሁ በስዊስ ሥርዓት ቢያንስ አምስት ዙር አጫውቱ። ጀማሪዎችን ለብቻ፣ ብርቱዎችን ለብቻ አትለዩ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሬቲንግ ያላቸው ተጫዋቾች ከጅማም ሆነ ከአዲስ አበባ እንዲመጡ ጋብዙ፤ የካፋ ልጆች አምስቱን ጨዋታ በከተማቸው ይጫወቱ።